ስለ ኮምፒዩተር መዝገብና ስለ ሥራው አለመገጣጠም፤ በአዊ ዞን ላሉ ሹማምንትና መዝገብ ያዦች

ቀንበር የሚጠርብ ሰው አስቀድሞ የበሬዎቹን ጫንቃ ይመለከታል። ከሁለቱ አንዱ ቁመቱ ያጠረ፣ ሌላው የረዘመ እንደ ሆነ ቀንበሩን እንደሚያመቻቸው አድርጎ ያበጀዋል እንጂ በሬውን ለማሳጠር የሚደክም የለም። ይህም ነገር በእርሻ መሣሪያ በኩል በአገራችን ብዙ ጊዜ ተፈትኖ የታየ ነው። አፈር የሚገለብጠው የውጭ አገር ማረሻ ብረቱ ጠንካራ፣ ሥራውም ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ለአገሩ በሬ ስለ ከበደና ሲሰበርም የመንደሩ ቀጥቃጭ በቀላሉ ሊጠግነው ስላልቻለ፣ በልዩ ልዩ ጊዜ እየመጣ ቢታደልም አብዛኛው ገበሬ ከሞፈሩና ከድግሩ አልተለየም። እኛ ግን ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ማረሻ አይደለም፤ ሶፍትዌር ስለሚባለውና በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የመሬቱን መዝገብ፣ የበጀቱን ሒሳብና የማዳበሪያውን ቁጥር ስለሚይዘው የኮምፒዩተር ሥርዐት ነው።

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ ወይም በሁለቱ መካከል በዋናው መንገድ ላይ ባለችው በአዲስ ቅዳም፣ ለመንግሥት ሥራ የሚቀመጥ ሰው ዛሬ የኮምፒዩተር መዝገብ ሳይነካ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። የወረዳው በጀት አይቤክስ በተባለው ሥርዐት ብዙ ዓመት ሲያዝ ኖሯል፤ የገጠር መሬት ይዞታም በፊንላንድ መንግሥት እርዳታ በተሠራው በብሔራዊው የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዐት እንዲገባ ተደርጓል። ሥርዐቱን የሚጽፍ ሰው ግን በሚጽፍበት ሰዓት በልቡ የሚያስበው አንድ ዐይነት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ሥራው የሚሠራበት ጽሕፈት ቤት ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሹሙንም፣ ጸሓፊውንም፣ ከሁሉም ይልቅ በደጅ የቆመውን ባላገር የሚያደክመው በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የዘመን አቈጣጠርን እንውሰድ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች በአውሮፓ አቈጣጠር የተሠሩ ናቸው። በእንዲህ ያለ ፕሮግራም አንድ ጸሓፊ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የተፈረመ የመሬት ኪራይ ውል ሊመዘግብ 30/02/2017 ብሎ ቢጽፍ፣ ማሽኑ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ አድርጎ ስለሚያይና ፌብሩዋሪም 30 ቀን ስለሌለው አልቀበልም ይላል። ጥቅምት 29ንማ በአንዱ ዓመት ተቀብሎ በሌላው ይከለክላል፤ 2016 ለአራት የሚካፈል ቁጥር ስለሆነ በአውሮፓው ሕግ ፌብሩዋሪ 29 ቀን አለው፣ 2017 ግን የለውምና። ወር 13 ከተባለ ፈጽሞ አያውቀውም፤ ጳጉሜን በሙሉ ከዓመቱ ውጭ ሆና ትቀራለች።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ስሕተት ነው፤ ማሽኑ እንቢ ሲል ጸሓፊው ችግር መኖሩን ያውቃልና። የሚያስፈራው ማሽኑ ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው። መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. 05/01/2017 ተብሎ ሲገባ፣ ፕሮግራሙ ጃንዋሪ 5 ቀን እ.ኤ.አ. 2017 ነው ብሎ ይይዘዋል፤ ይኸውም ከእውነተኛው ቀን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ወደ ኋላ ነው። የአምስት ዓመት የኪራይ ውል በዚህ ዐይነት ቢገባ፣ ውሉ ገና በተፈረመበት ቀን ዘመኑ ያለፈበት ሆኖ በመዝገቡ ይታያል። የአምስቱን ዓመት ዋጋ አስቀድሞ የከፈለው ተከራይ ክርክር በተነሣ ጊዜ ከመዝገብ ቤት የሚያገኘው ማስረጃ የራሱን ነገር የሚያፈርስበት ይሆናል። አከራይዋ ባልዋ የሞተባት ሴት ብትሆንም ጉዳቱ አይቀርላትም፤ የእርስዋም ውል በተራው እንዲሁ ሊገባ ይችላልና።

ለዚህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ማሽኑ በውስጡ በፈለገው አቈጣጠር ይያዝ፤ ለጸሓፊው ግን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ያሳየው፣ ከእርሱም በኢትዮጵያ አቈጣጠር ይቀበለው። ሁለቱን አቈጣጠር የሚያገናኘው ሒሳብ አጭርና ግልጥ ስለሆነ ለፕሮግራም ጸሓፊ ከባድ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ሥርዐቱን የሚገዛው መሥሪያ ቤት ይህን በውሉ ላይ አስቀድሞ ካላስጻፈ ሻጩ በገዛ ፈቃዱ ይጨምርልኛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። (ደመወዝ ለሚያሰላ ፕሮግራም ዓመታችን 13 ወር መሆኑን ነግረው፣ ደመወዝ የሚከፈለው ግን 12 ጊዜ መሆኑን ሳይነግሩት ቢቀሩ የሚሆነውን ለአንባቢ እንተወዋለን።)

የሰውም ስም እንዲሁ ነው። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በጸሎቱ ጸ፣ ሌላው በፀሐዩ ፀ ይጽፈዋል፤ መካከለኛውንም ፊደል በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ የሚጽፍ ይገኛል። እንዲህ ከሆነ አንዲት ፀሐይ የምትባል ሴት በ12 ልዩ ልዩ ጽሕፈት ልትመዘገብ ትችላለች ማለት ነው። ለጆሮ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን 12 ልዩ ልዩ ሴቶች ናቸው። ከሩቅ ቀበሌ በእግርዋ ወይም በፈረስ የመጣች እናት ስምዋን ተናግራ ጸሓፊው በአንዱ ጽሕፈት ብቻ ቢፈልገውና ቢያጣው «በመዝገብ የለሽም» ብሎ ይመልሳታል። ጸሓፊው አልዋሸም፤ ማሽኑ የነገረውን ነው የተናገረው። እርስዋ ግን የቀን መንገድ ተጕዛ፣ ሥራዋን ፈትታ፣ መሬትዋን ያጣች መስሏት ትመለሳለች።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች መዝገቡን ሁሉ በአንድ ዐይነት ፊደል እናርመው ሲሉ ሰምተናል። ይህ ምክር መልካም አይመስለንም። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሲሰጥ የኖረው የይዞታ ደብተር በባላገሩ እጅ አለ፤ ስሙ በደብተሩ ላይ በአንድ ፊደል፣ በመዝገቡ ላይ በሌላ ፊደል ቢገኝ በፍርድ ቤት ሌላ ክርክር ይወልዳል። የሚሻለው ስሙን እንደ ተጻፈ ትቶ፣ ለፍለጋ ብቻ ሀን ሐንና ኀን እንደ አንድ፣ ሰንና ሠን እንደ አንድ፣ አንና ዐን እንደ አንድ፣ ጸንና ፀን እንደ አንድ አድርጎ የሚቈጥር መንገድ በፕሮግራሙ ውስጥ ማስገባት ነው። አገውኛ በሚነገርበት አገር ደግሞ የአማርኛ ፊደል በትክክል የማይይዘው ድምፅ ስላለ፣ አንዱ የቦታ ወይም የሰው ስም በሁለት ጸሓፊዎች እጅ ሁለት ዐይነት ሆኖ መገኘቱ አይቀርም። «የቤተ ሰብ ስም» የሚል ባዶ ቦታ ያለው ቅጽም ለእኛ አይስማማም፤ በአገራችን ልማድ ሚስት በባልዋ ስም አትጠራም፣ በአባትዋ ነው እንጂ፤ ስለዚህ በቤተ ሰብ ስም የሚሰበስብ ፕሮግራም ባልና ሚስትን ለያይቶ ያስቀምጣቸዋል። ይዞታው የሁለቱ በሆነበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ አዊ ልዩ ጉዳይ እንምጣ። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ባሉ ወረዳዎች ያለው ገበሬ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዐይነት በእርሻው ላይ መትከል ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አሠራሩም እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋራ በአንድ ማሳ ላይ ያኖረዋል፤ ጤፉን ያጭዳል። በሁለተኛው ዓመት በዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፣ ወይም ይሸጠዋል። ከዚያ ወዲያ ጥላው ስለሚጠብቅ ማሳው ደን ይሆናል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ገደማ ዛፉ ተቈርጦ፣ እዚያው ከስሎ፣ ከሰሉ በመኪና ተጭኖ ወደ ትልልቅ ከተሞች ይሄዳል፤ መሬቱም እንደ ገና ታርሶ ይዘራል። የአዊ ደጋ አፈር ኮምጣጣ ነው፤ ዲከረንስም ከአየር ናይትሮጅን ወደ አፈሩ የሚያስገባ ዛፍ ስለሆነ ገበሬው ከዛፉ በኋላ የሚዘራው ሰብል ደኅና እንደሚሆን ያውቃል።

እንግዲህ ይህ ማሳ ምን ይባል? ቅጹ እርሻ፣ ግጦሽ ወይም ደን ብሎ አንዱን ብቻ ምረጥ ካለ፣ መዝጋቢው በመጣበት ዓመት ያየውን ይመርጣል። በመጀመሪያው ዓመት የመጣ እርሻ ነው ይላል፤ በሁለተኛው የመጣ የሣር መሬት፤ በአራተኛው የመጣ ደን። ሦስቱም እውነት ተናግረዋል፣ መዝገቡ ግን አንዱን ይዞ ለብዙ ዓመት ይኖራል። የማዳበሪያው ፍላጎት ከዚህ መዝገብ ተነሥቶ የሚሰላ ከሆነ፣ ደን ተብሎ የተጻፈው ማሳ በሚዘራበት ዓመት ድርሻ አይኖረውም፤ እርሻ ተብሎ የተጻፈው ደግሞ በላዩ ዛፍ ቆሞ ሳለ በየዓመቱ ማዳበሪያ ይቈጠርለታል። ማዳበሪያ ከውጭ አገር ተገዝቶ የሚመጣ ስለሆነ ቁጥሩ ከዘር ጊዜ ብዙ ወራት አስቀድሞ መላክ አለበት፤ በሐምሌ የታወቀ ስሕተት ለዚያው ሐምሌ አይታረምም። በ2015 ዓ.ም. የመኸር ወራት በአማራ ክልል የደረሰው የማዳበሪያ እጥረት ከዚህ ዐይነት ስሕተት የመጣ ነው አንልም፤ ገበሬው ማዳበሪያ በጊዜው ሲያጣ ምን እንደሚደርስበት ግን በዚያ ዓመት ሁሉም አይቶታል።

ለዚህ ችግር ቅጹ ላይ «ደንና እርሻ» የሚል አራተኛ ምርጫ መጨመር የሚበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን አይበቃም፤ ያ ማሳ ዘንድሮ ማዳበሪያ ይሻል ወይስ አይሻም የሚለውን አይመልስምና። የሚሻለው የማይለወጠውን ከሚለወጠው መለየት ነው። የማሳው ወሰን፣ ስፋቱና ባለ ይዞታው አንድ ጊዜ ተጽፎ ሕጋዊ ለውጥ እስኪመጣ ይኑር፤ በማሳው ላይ የሚበቅለው ግን በየዓመቱ በአዲስ መስመር ይጻፍ፤ ያለፈውም አይሰረዝ። እንዲህ ከተደረገ ማሳው በስንተኛው ዓመቱ ላይ እንዳለ ከመዝገቡ ይነበባል፤ በሚመጣው ዓመት ስንት ሄክታር ተቈርጦ እንደሚዘራም አስቀድሞ መገመት ይቻላል።

ቅጽና አገር አለመገጣጠማቸው በጎጃም ምድር አዲስ ነገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ የእያንዳንዱን ገበሬ ገቢ ለይቶ መገመትን ይጠይቅ ነበር፤ መሬቱ ግን በዘር የሚወረድ ርስት ስለ ነበረ ባላገሩ ግምቱ ርስቱን ለማስለቀቅ የመጣ መሰለው። ነገሩ እስከ ጦር መሣሪያ ደረሰ፤ መንግሥትም በመጨረሻ ግብሩን በግድ ከማስከፈል ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር አልነበረም፤ የወረቀቱ ባዶ ቦታ ግን ነበረ።

ፕሮግራሙና ሥራው ሳይገጥሙ ሲቀሩ ሰዎች የሚወስዱት መንገድ ጥቂት ነው። ወይ ፕሮግራሙን ለሥራው ያርማሉ፤ ወይ ሥራውን ለፕሮግራሙ ይለውጣሉ፤ ወይ ሌላ ይገዛሉ ወይም ያሠራሉ፤ ወይም ምንም ሳይሉ በጎን ደብተር ይይዛሉ። በአገራችን የመንግሥት ሒሳብ ይህን ፈተና ያለፈበት መንገድ ሊጠና የሚገባው ነው። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እርዳታ፣ በስቲቨን ፒተርሰን መሪነት የተካሄደው የበጀትና የሒሳብ ማሻሻያ ሥራውን ከማሽኑ አልጀመረም። በመጀመሪያ የነበረውን የወረቀት አሠራር አጠና፤ ነጠላውን የሒሳብ አያያዝ ወደ ጥንድ አያያዝ ለወጠ፤ ሠራተኛውን በወረቀት ላይ አሠለጠነ፤ ከዚያም ለዚያው አሠራር የሚስማማ ፕሮግራም እዚሁ አገር አሠራ። አይቤክስ የዚህ ፍሬ ነው። በ1995 የበጀት ዓመት በጀት በጥቅል ለወረዳዎች መሰጠት ሲጀምር ፕሮግራሙ የወረዳውን ሥራ ተከትሎ ሊታረም የቻለው የጻፉት ሰዎች በቅርብ ስለ ነበሩ ነው።

ከዚያ በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት ኢፍሚስ የተባለውን፣ ኦራክል ከተባለው ኩባንያ በተገዛ ሶፍትዌር ላይ የቆመውን ሥርዐት በመሥሪያ ቤቶቹ ማስገባት ጀመረ። የተገዛ ሥርዐት የራሱ ጥቅም አለው፤ በብዙ አገር ተፈትኗል፣ ብዙ መሥሪያ ቤቶችንም በአንድ መዝገብ ያገናኛል። ነገር ግን የተዘጋጀ ልብስ እንደ መግዛት ነውና እጅጌው ረዝሞ ከተገኘ ወይ ይታጠፋል ወይ ይቈረጣል። የእኛ አስተያየት፣ በትልቅ ከተማ ላለ መሥሪያ ቤት የተገዛው ሥርዐት ሊበጅ ሲችል፣ መብራትና መስመር በሚቋረጥበት ወረዳ ግን በአገር የተሠራውና በአገር የሚጠገነው ይሻላል የሚል ነው።

በሰለጠኑት አገሮችም ገንዘብ ብቻውን ይህን አልፈታም። ሊድል የተባለው የጀርመን ትልቅ የሱቆች ኩባንያ ኤስ ኤ ፒ ከተባለው ከራሱ አገር ሶፍትዌር ሠሪ ጋራ ሰባት ዓመት ከደከመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራውን ተወው፤ ወጪውም 500 ሚሊዮን ዩሮ ያህል እንደ ደረሰ ተነግሯል። ከምክንያቶቹ አንዱ ትንሽ ይመስላል። ሊድል የዕቃውን ክምችት በገዛበት ዋጋ ይቈጥራል፤ ሶፍትዌሩ ግን በመሸጫ ዋጋ እንዲቈጥር ተደርጎ የተሠራ ነበር። ኩባንያው ልማዱን አልለውጥም ስላለ ፕሮግራሙን ማረም ግድ ሆነ፤ አንዱ እርማት ሌላውን እየወለደ ሄደ።

ከዚህ የከፋው የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የተባለ ሥርዐት በየመንደሩ ባሉ ፖስታ ቤቶች ገባ። ማሽኑ በሒሳብ ላይ የሌለ ጉድለት ያሳይ ነበር፤ አለቆቹም ማሽኑን አምነው ሰዎቹን ከሰሱ። ከ900 የሚበልጡ ሰዎች ተፈረደባቸው፤ አንዳንዶቹ ታሰሩ፣ ብዙዎቹም ቤታቸው ፈረሰ። የብዙዎቹ ፍርድ በፓርላማ ዐዋጅ የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ይህን ያነሣነው የሩቅ አገር ወሬ ለማውራት አይደለም። በኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ንብረት የሚይዘው ሰው 200 ከረጢት ማዳበሪያ ተረክቦ፣ ከረጢቱም 50 ኪሎ ሆኖ ሳለ፣ ፕሮግራሙ በኩንታል ስለሚቈጥር 200 ተብሎ ቢገባ፣ ሁሉንም በትክክል አድሎ በጨረሰ ቀን 100 ኩንታል ጎድሎበት ይታያል። እንዲህ ያለ ጉድለት የታየበት ሹም ሰውየውን ከመያዙ በፊት የርክክቡን ወረቀት ያስመጣ።

በጎን ስለሚያዘው ደብተር ደግሞ ጥቂት እንበል፤ በየጽሕፈት ቤቱ ከሁሉ የተለመደው መፍትሔ እርሱ ነውና። ጸሓፊው ማሽኑ ያልተቀበለውን በመሳቢያው ባለ ደብተር ወይም በራሱ ኤክሴል ላይ ይጽፋል። አለቆች ይህን እንደ ጥፋት ያዩታል፤ እውነትም ጉዳት አለው፤ ጸሓፊው ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ደብተሩ አብሮት ይሄዳል፣ ወይም የሚያነበው ይጠፋል። ነገር ግን ሹሙ ደብተሩን ከመከልከሉ አስቀድሞ ተቀምጦ ቢያነበው፣ ፕሮግራሙ ምን እንደሚጎድለው ከማንኛውም አማካሪ ሪፖርት ይልቅ በግልጥ ያገኘዋል። ደብተሩ እዚያ የተገኘው ሥራው ስለ ጠየቀው ነው፤ ጸሓፊ በባዶ ሜዳ ሁለት ጊዜ አይጽፍም።

የመስመርም ነገር አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ያለ መስመር የማይከፈት ፕሮግራም በእንዲህ ያለ ጊዜ የተዘጋ ሣጥን ነው። ስለዚህ በወረዳው ኮምፒዩተር ላይ ብቻውን ሊሠራ፣ መስመር ሲመለስም የተመዘገበውን ወደ ዞንና ወደ ክልል ሊልክ የሚችል መሆኑ እንደ ተጨማሪ ምቾት ሳይሆን እንደ መጀመሪያ ግዴታ በውል ላይ መግባት ይገባዋል።

እርማት የሚሻ ወረዳ ጥያቄውን አዲሱ የበጀት ዓመት በሐምሌ 1 ቀን ከመጀመሩ ብዙ ወራት አስቀድሞ በጽሑፍ ቢያቀርብ ይሻላል። «ሲስተሙ አይሠራም» የሚል ደብዳቤ ለማንም አይጠቅምም። ምን ዐይነት ጉዳይ እንደ መጣ፣ ጸሓፊው ምን እንደ ጻፈ፣ ማሽኑ ምን እንደ መለሰ፣ ይህም በአንድ ወር ስንት ጊዜ እንደ ደረሰና ስንት ባላገር በዚህ ምክንያት ሳይስተናገድ እንደ ተመለሰ ይጻፍ። ከደብተሩ ሁለት ገጽ ፎቶ ተነሥቶ አብሮ ቢላክ ደግሞ ይበልጥ ይረዳል።

ለባንጃ፣ ለፋግታ ለኮማና ለአካባቢው ጽሕፈት ቤቶች ይህ ሥራ ከፊታቸው ነው። በቅርብ ዓመታት ዲከረንሱን ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ ስለ ያዘው ዛፉን ትቶ ወደ ሌላ ተክልና ወደ ሰብል የሚመለስ ገበሬ አለ። በመዝገቡ ደን ተብሎ የተጻፈው ማሳ በሚመጣው ክረምት ድንች ወይም ገብስ ተዘርቶበት ሊገኝ ይችላል፤ የሚሻውም ማዳበሪያና ኖራ የሚቈጠረው አሁን ነው።